«ዋላሂ፣ ኬሚካል አልነካውም!»

ከደንገጎ ቁልቁል ወርዶ ድሬዳዋ የገባው አትክልት ቀፊራ ገበያ ላይ በማለዳ ይዘረገፋል። ጥቅል ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ቀይ ሥሩ፣ ቆስጣው ፀሐይ ሳይመታው ነው የሚታየው። ገዢ ዋጋ ይጠይቃል፣ ሻጭ ትጠራለች፤ ገዢው ፊቱን ሲያኮሳትር ማጠናከሪያው ይከተላል፦ «ዋላሂ፣ ኬሚካል አልነካውም!» አሁን አሁን ደግሞ «ኦርጋኒክ ነው» የምትል ቃል ተጨምራበታለች። ሐረር ሸዋ በር ላይም ያው ነው። አንቱታ በማይወደው የሐረር አማርኛ፣ ሽበት ያለውንም ሰው ቢሆን «አንተ፣ ይሄ እኮ ኦርጋኒክ ነው፣ ውሰድ!» ይሉታል።

ሻጮቹን ለመክሰስ አልጻፍኩም። አብዛኞቹ የሚያምኑትን ነው የሚናገሩት። በደላላና በጫኝ እጅ ተገላብጦ የመጣ ጎመን ማሳው ላይ ምን እንደተረጨበት ቸርቻሪዋ በምን ታውቃለች? ገዢው ግን ለዚያች ቃል ብሎ በኪሎ ጭማሪ ይከፍላል። አቋሜ ከመጀመሪያው ይታወቅ፦ በድሬና በሐረር ኑሮ ለ«ኦርጋኒክ» ጭማሪ መክፈል የሚያዋጣው ለጥቂት ነገሮች ብቻ ነው። የቀረው ገንዘብና ጥንቃቄ ቃሉ ጨርሶ ወደማይነካቸው አደጋዎች ቢዞር ይሻላል። ሻጋታው አለ፣ ጀርሙ አለ፣ እቤታችን ውስጥ በገዛ እጃችን የምንጨምረው መርዝም አለ።

ቃሉ ሕጋዊ ትርጉም አለው። የኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ከወጣ ቆይቷል። በዓለም ገበያ ኦርጋኒክ የሚባለው ዩሪያና ዳፕን የመሰለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ያልገባበት፣ ሰው ሠራሽ ፀረ-ተባይ ያልተረጨበት፣ ይህንንም ገለልተኛ መርማሪ አካል አይቶ የመሰከረለት ምርት ነው። መሬቱም በአንድ ጀምበር ኦርጋኒክ አይሆንም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለዓመታዊ ሰብል 2 ዓመት፣ እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል 3 ዓመት የሽግግር ጊዜ ይጠበቃል። መርማሪው በዋናነት የሚያየው መዝገብ ነው፦ የማሳው ካርታ፣ የግብዓት ደረሰኝ፣ ከጎረቤት ማሳ የሚነፍሰውን ርጭት የሚከላከል ክፍተት መኖሩን። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ወጪው የሚመለሰውም ምርቱ ወደ ውጭ ሲላክ ነው። ስለዚህ በሐረርጌ የምስክር ወረቀቱን ብትፈልጉ ከቡና ላኪ ፋይል ውስጥ እንጂ ከቀፊራ ቲማቲም ሥር አታገኙትም።

ገበያው ላይ ያለው «በልማድ ኦርጋኒክ» ልንለው የምንችለው ነው። ገበሬው ማዳበሪያና መድኃኒት ለመግዛት አቅሙ ስላልፈቀደ፣ ወይም ሰብሉ ስለማያስፈልገው ሳይጠቀም የቀረበት ማለት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይሳታል። ያው ገበሬ ማሽላው ላይ ምንም ሳይረጭ ከጎኑ ባለው የቲማቲም ወይም የጫት መደብ ላይ በየሳምንቱ ሊረጭ ይችላል፤ አንዱ የቤት ቀለብ ነው፣ ሌላው የጥሬ ገንዘብ ሰብል። ስለዚህ «ገበሬው ኬሚካል ይጠቀማል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይነግርም። «በዚህ ሰብል ላይ ይጠቀማል ወይ?» ነው ጥያቄው።

ሌላ ስህተትም አለ። ኦርጋኒክ ማለት ያልተረጨ ማለት አይደለም። ደንቡ መዳብን፣ ድኝን፣ ከፓይረትረም አበባና ከኒም ፍሬ የሚወጡ ፀረ-ተባዮችን ይፈቅዳል። መዳብ በአፈር ውስጥ እየተጠራቀመ የሚሄድ ብረት ስለሆነ ደንቡ ራሱ በመጠን ገድቦታል። የድሬን መንገዶች የሚያጠሉት የኒም ዛፎች ፍሬ ግን በከንቱ መሬት ላይ ይረገጣል። የደረቀ የፍሬውን አስኳል 50 ግራም ወቅጦ በ1 ሊትር ውሃ ማሳደር፣ በጨርቅ ማጥለል፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ማድረግና ምሽት ላይ መርጨት፤ በጓሮ ቆስጣና ጎመን ላይ ላለ ትል ይሠራል። ምሽት የሚመረጠው የፀሐይ ብርሃን የኒሙን ፍሬ ነገር ቶሎ ስለሚያፈርሰው ነው።

ጥቅሙን በሚመለከት ጥናቶቹ የሚሉት ገበያው ከሚለው ቀዝቀዝ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመዝኑ በቫይታሚን ይዘት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም፤ በፀረ-ተባይ ቅሪት ግን ኦርጋኒኩ በግልጽ ያነሰ ነበር። በ2014 በእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ መሪነት የወጣ ሌላ ትንተና ደግሞ በኦርጋኒክ ሰብሎች ውስጥ አንቲኦክሲዳንት ከፍ፣ ካድሚየም የተባለው ጎጂ ብረት ዝቅ ብሎ አግኝቷል፤ ቅሪት የመገኘት ዕድሉም በመደበኛው ላይ 4 እጥፍ ይበልጣል ብሏል። ሁለቱ በንጥረ ነገር ይዘት ጉዳይ ቢለያዩም በቅሪት ይስማማሉ። ስለዚህ «ኦርጋኒክ ብርታት ይሰጣል» ለሚለው ጭማሪ አልከፍልም። «ቅሪት ይቀንሳል» ለሚለው፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት፣ እከፍላለሁ። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 ክሎርፓይሪፎስ የተባለውን ፀረ-ተባይ ከገበያው ያስወጣው በዋናነት በሕፃናት አእምሮ እድገት ላይ ባለው ስጋት ነበር።

ይሁንና ትልቁ ተጠቃሚ በላተኛው አይደለም። መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል፣ ከነፋስ ጋር እየታገለ የሚረጨው ሰው ነው። እኛ የምንበላው ቅሪቱን ነው፤ እሱ የሚተነፍሰው ዋናውን።

ወደ ዘንቢሉ እንግባ።

ቲማቲም ጭማሪ ከሚገባቸው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም የሰብሉ ባሕርይ ነው። ቱታ አብሶሉታ የተባለችው የቲማቲም ትል እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየች ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ትሏ ቅጠሉንና ፍሬውን ሰርስራ ውስጥ ስለምትገባ ላዩን ብቻ የሚነካ መድኃኒት አይደርስባትም። አልሞት ሲል ገበሬው ሁለት ሦስት ዓይነት ይቀላቅላል፣ የርጭቱንም ቀን ያቀራርባል። በዚያ ላይ በዝናብና በደመና ወቅት ለዋግ የሚረጭ ማንኮዜብ የተባለ የሻጋታ መከላከያ አለ። እያንዳንዱ መድኃኒት መለያው ላይ «ከተረጨ በኋላ ይህን ያህል ቀን ሳይቆይ አይለቀም» የሚል ገደብ አለው፤ እንደ ዓይነቱ ከ3 ቀን እስከ 2 ሳምንት ይደርሳል። ቲማቲም ግን አንዴ መድረስ ከጀመረ በየጥቂት ቀኑ ይለቀማል። በለቀማ ወቅት የ7 ወይም የ14 ቀን ገደብ ያለው መድኃኒት ከተረጨ ገደቡ መጣሱ አይቀርም፤ ገበሬው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ፍሬው ስለማይጠብቀው ነው።

ቆስጣና ሰላጣም ከዚሁ ወገን ናቸው። ቅጠል ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ስፋቱ ብዙ ነው፣ መድኃኒቱ የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ይበላል፣ ቆስጣ ደግሞ እየተቆረጠ ስለሚያቆጠቁጥ እንደ ቲማቲሙ ተረጭቶ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው። ጥቅል ጎመን ግን በተፈጥሮው ተጠቅልሏል፤ የላይኞቹን 2 ወይም 3 ቅጠሎች ከጣላችሁ አብዛኛው አብሮ ይሄዳል። ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሽንኩርት ከመሬት በታች ናቸው፣ ደግሞም ይላጣሉ። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙዝና ጊሽጣ ልጣጫቸው ይጣላል። የቁልቋል በለስ ማንም የማይረጨው ነው፣ እሾኹ ብቻ ይበቃዋል። ለእነዚህ «ኦርጋኒክ ነው» ተብላችሁ ጭማሪ ብትጠየቁ አትክፈሉ። ድንቹን ግን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከዋለ አገላብጡት፤ አረንጓዴ ከሆነ ሶላኒን የሚባል የተፈጥሮ መርዝ አብሮት ጨምሯል። ፍግ ብቻ የበላ ድንችም ያው አረንጓዴ ይሆናል።

ማሽላ የዝናብ ሰብል ነው፣ ዋጋውም የርጭት ወጪ አይሸከምም። ማሽላ ላይ ኦርጋኒክ የሚል ታፔላ መለጠፍ ውሃን «ዘይት የሌለው» ብሎ እንደ መሸጥ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ጠዋት ቀፊራ ቲማቲም ሲመርጥ «ኬሚካል አለው ወይ?» ብሎ የተጨቃጨቀ ሰው ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጦ ያልታጠበ ጫት ይቅማል። ጫት ለጋ ቅጠል ነው፣ በጥሬው ይላመጣል፣ ዋጋው በመልኩ ስለሆነ ከትል መጠበቅ አለበት። ከተለያዩ ጫት አብቃይ አካባቢዎች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ በጥናት ዲዲቲ ጭምር ተገኝቷል። ዲዲቲ ለእርሻ እንዳይውል የተከለከለ ነው። በጠቅላላ ኑሮው ውስጥ ያለ ቅሪት የሚያሳስበው ሰው ካለ፣ ከሰላጣው በፊት ሊያየው የሚገባው ያንን እስር ነው። በፈሳሽ ውሃ ማለቅለቅ ላዩ ላይ ያለውን በከፊል ይቀንሳል፤ የቃሚዎች ማጉረምረም እንዳለ ሆኖ።

ገዢዎች የሚተማመኑባቸው ሁለት ምልክቶች አሉ፣ ሁለቱም ያታልላሉ። አንደኛው ትል የበላው ቅጠል ነው፦ «ትል ከበላው መድኃኒት የለውም» ይባላል። ትሉ መድኃኒቱን ተላምዶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ገበሬው የረጨው ቀዳዳው ከታየ በኋላ ነው። ሁለተኛው ነጭ ብናኝ ነው። ቲማቲም ላይ ደርቆ የቀረ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት ስለሆነ መጠርጠሩ ልክ ነው። ብናኙ አለመኖሩ ግን ንጽሕናን አያሳይም፤ ብዙዎቹ የትል መድኃኒቶች ዱካ አይተዉም።

አጠባው ላይ ልቆይ፤ ኦርጋኒክ መግዛት ለማይችል አብዛኛው ሰው ትልቁ ሥራ እዚህ ነውና።

ቅሪትና ጀርም ሁለት የተለያዩ ጠላቶች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ለላይኛው ቅሪት በፈሳሽ ውሃ ሥር እያሹ ማጠብ ይቀድማል፤ መዘፍዘፍ ብቻውን ደካማ ነው። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ። እ.ኤ.አ. በ2017 የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፖም ላይ በሞከሩት ሙከራ በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ሶዳ በጥብጠው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ሲያቆዩት የሁለቱን የተፈተኑ መድኃኒቶች የላይኛውን ቅሪት ከተራ ውሃም ከበረኪናም በተሻለ አንስቶላቸዋል። 10 ግራም ማለት 2 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ሶዳው ቤኪንግ ሶዳ ይሁን፤ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፣ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ያው ሙከራ ሌላም ነገር አሳይቷል፦ ከሁለቱም መድኃኒቶች ጥቂቱ፣ ከአንዱ ደግሞ በርከት ብሎ፣ ወደ ልጣጩ ውስጥ ሰርጎ ስለነበር የሰረገውን አጠባ አላወጣውም። ውስጥ ለውስጥ የሚዘዋወር መድኃኒት የተረጨበትን ቲማቲም በምንም ብታጥቡት አይለቅም። መፍትሔው ካለመግዛት በቀር መላጥ ነው፣ እሱም በከፊል።

ምግብ ማብሰልም ሁሉን አይፈታም። ማንኮዜብ ሲሞቅ ኢቲዩ ወደሚባል ሌላ ጎጂ ነገር በከፊል ይለወጣል። ስለዚህ «ይበስላል፣ ምን አለበት» ብሎ ሳያጥቡ ቲማቲም ሽንኩርቱ ላይ መክተፍ ስህተት ነው። መጀመሪያ ማጠብ፣ ቀጥሎ መክተፍ።

ለጀርም በረኪና ነው። መለያው ላይ 5 በመቶ የሚል፣ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት በረኪና ከሆነ 1 የሻይ ማንኪያ በ5 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ በሊትር 50 ሚሊግራም ያህል ክሎሪን ይሰጣል። መጀመሪያ ጭቃው በደንብ ይታጠብ፤ አፈር ክሎሪኑን ይበላዋል። ከዚያ ሰላጣውን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ዘፍዝፎ በሚጠጣ ውሃ ማለቅለቅ። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ አብሮ እንዳይገባ፤ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የወስፋት እንቁላል ግን በዚህ የክሎሪን መጠን አይሞትም። እሱን የሚያስወግደው ቅጠሉን አንድ በአንድ ከፍቶ በፈሳሽ ውሃ ማሸት ነው፣ አለበለዚያም ማብሰል።

እዚህ ላይ ኦርጋኒኩ የራሱ ጣጣ አለው። ዩሪያ ያልገባበት ማሳ ፍግ ገብቶበታል፤ ጥሬ ፍግ ደግሞ የጀርምና የወስፋት ቤት ነው። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ ጥሬ ፍግ የገባበት መሬት ላይ፣ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ፣ ከፍግ እስከ ለቀማ 120 ቀን፣ የማይነካ ከሆነ 90 ቀን እንዲቆይ ያዛል። ቆስጣ ከተዘራ በሁለት ወር ገደማ መቆረጥ ይጀምራል። ስለዚህ ዘር ሲዘራ ጥሬ ፍግ የተበተነበት ቆስጣ በመጀመሪያዎቹ ቆረጣዎች ያንን ገደብ ሊያሟላ አይችልም። የበሰበሰ ኮምፖስት ሌላ ጉዳይ ነው፦ ክምሩ ከ55 ዲግሪ በላይ ሞቆ 15 ቀን ከቆየና በዚያ ጊዜ 5 ጊዜ ከተገላበጠ ጀርሙ ይሞታል። ቀላሉ ምልክት ሽታው ነው። የበሰለ ኮምፖስት የዝናብ አፈር ይሸታል እንጂ በረት አይሸትም። የመስኖውም ውሃ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው። በከተማ ፍሳሽ የጠጣ ሰላጣ ኬሚካል ባይነካውም በጥሬው አይበላም።

የባቢሌ ለውዝ ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። ለውዝ በምሥራቅ ሐረርጌ ቆላ ያለ ርጭት የሚበቅል፣ በየትኛውም መመዘኛ «ተፈጥሯዊ» የሚባል ሰብል ነው፤ ግን አፍላቶክሲን የሚባለው መርዙ ከዚህ ሁሉ ፀረ-ተባይ የከፋ ነው። አፍላቶክሲንን የሚያመርተው ሻጋታ ነው። ሰብሉ ሊደርስ ሲል ድርቅ ከመታው ዛላው መሬት ውስጥ እያለ ሻጋታው ይይዘዋል። ከተነቀለ በኋላ በደንብ ሳይደርቅ ከተከመረ ወይም በፍልፈላ ጊዜ ቅርፊቱ እንዲለሰልስ ውሃ ከተረጨበት ደግሞ ይባባሳል። መርዙ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ አደጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለሚበላ ለውዝ የፈቀደው ጠቅላላ መጠን በኪሎ 4 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው።

መቁላት የሚቀንሰው በከፊል ነው። ይልቅ የሚጠቅመው መልቀም ነው፤ መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ነው የሚከማቸው። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ የተሰበረ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ብናኝ ያለበትን አውጥቶ መጣል ነው፤ ለዶሮም ለላምም አይሰጥም። አፍ ውስጥ የመረረ ፍሬ ይተፋል እንጂ ለይሉኝታ ተብሎ አይዋጥም። የለውዝ ቅቤ ሲገዛ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ተፈጭቷል። ስለዚህ ሙሉ ፍሬውን ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ቆልቶ ቤት ማስፈጨት ከማንኛውም «ኦርጋኒክ የለውዝ ቅቤ» ይሻላል።

የመርዙ መንገድ ወተት ድረስ ይሄዳል። የሻገተ ፋጉሎ የበላች ላም መርዙን ለውጣ በወተቷ ታወጣዋለች፣ ማፍላትም አያጠፋውም። መስክ የዋለችስ? በድሬና በሐረርጌ ዙሪያ ፋራምሲሳ የሚባለው አረም መንገዱንና ግጦሹን ወርሶታል፤ ከብት ሲበላው ወተቱ ይመራል። የግመል ወተት ከአርብቶ አደር ስለሚመጣ የፋብሪካ መኖ አያውቅም፣ ግን በጥሬው ከተጠጣ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ አለ። የታጠነው ዕቃ የጭስ ሽታ ጣዕም ነው፣ መድኃኒት አይደለም። ይፍላ። የታከመ እንስሳ ወተትም እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ለቀናት መሸጥ የለበትም። የላም ወተት ከሆነ የቤት መፈተኛ አለ፦ በተራ ሙቀት ሁለት ቀን ተቀምጦ አልረጋ ያለ ወተት አንቲባዮቲክ ወይም ሌላ ማቆያ ገብቶበት እንደሆነ ይጠረጠራል። የግመል ወተት በተፈጥሮው እንደ ላም ወተት አይረጋም፤ ፈተናው ለእሱ አይሆንም።

የሀበሻ እንቁላል ላይ አጭር ስሌት ልሥራ። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም፣ የፈረንጅ ዶሮ 58 ግራም ገደማ ይመዝናል ብንል፣ በአንድ ዋጋ ቢሸጡ እንኳ በሀበሻው ላይ በግራም 45 በመቶ ጭማሪ እየከፈላችሁ ነው። የአስኳሉ ቢጫነት ዶሮዋ ቢጫ በቆሎና አረንጓዴ ቅጠል መብላቷን ይናገራል እንጂ ሌላ አይመሰክርም። ትንሽነቱም ማረጋገጫ አይሆንም፤ መጣል የጀመረች የፈረንጅ ቄብ ዶሮም ትንሽ እንቁላል ነው የምትጥለው። ከተማ ውስጥ ላስቲክ ከሚቃጠልበት ቆሻሻ ሥር ጭራ የምትበላ ዶሮ ደግሞ ከታሰረችው ይልቅ እንቁላሏ ውስጥ ብዙ ብክለት ልታስገባ ትችላለች። ለጣዕሙ ግዙት፤ ለዶሮ ወጥ ማንም አይከለክላችሁም።

አሁን ወደ ጆንያው። በመኸር ንጹሕ ማሽላ ወይም በቆሎ በኩንታል ተገዝቶ ይገባል፤ ምንም ያልነካው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የድሬ ሙቀት ነቀዙን ያፈላዋል፣ ያኔ የነቀዝ ክኒን ይመጣል። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። አንድ ባለ 3 ግራም ክኒን ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ 1 ግራም ያህል ፎስፊን ጋዝ ያወጣል፤ ማርከሻም የለውም። ይህን ክኒን በሚተኛበት ክፍል ባለ ጆንያ ውስጥ መጣል ከማሳ ርጭት ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም፤ ሰው በአንድ ሌሊት ይሞታል። አማራጩ ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ንብርብር ጆንያ ነው። ሁለት ወፍራም ላስቲኮች ውስጡ አሉ፣ ከውጭ ተራው ማዳበሪያ ጆንያ። እህሉ ይሞላል፣ አየሩ ተጨምቆ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ላስቲክ ለየብቻው ተጠምዝዞ ይታሰራል። ነቀዙ አየር አጥቶ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ላስቲኩ በመርፌ ቀዳዳ ያህል እንኳ ከተበሳ አይሠራም፤ ስለዚህ ከአይጥና ከግድግዳ ሚስማር መራቅ አለበት።

አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። እህሉ ደረቅ ካልሆነ ታሽጎ ይሻግታል፣ ያኔ አፍላቶክሲኑን ራሳችሁ አመረታችሁት። መፈተኛው ጨው ነው፦ በደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛ ያህል እህል፣ ጥቂት ማንኪያ የደረቀ ጨው፣ ክዳን፣ 2 ወይም 3 ደቂቃ መነቅነቅ፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት ስላለው እንደገና ይሰጣ። በሐረርጌ ልማድ ጉድጓድ ውስጥ የቆየ ማሽላ ስትገዙ ደግሞ ከዳሩ ሳይሆን ከመካከሉ የወጣ መሆኑን ጠይቁ፤ ግድግዳውን የነካው እርጥበት ይስባል።

ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ያለው የውጭ እሽግ ለማጣራት ቀላሉ ነው። የአውሮፓው ምልክት በአረንጓዴ መደብ ላይ በ12 ኮከቦች የተሠራ ቅጠል ሲሆን አብሮት የመርማሪው ድርጅት ኮድ ቁጥር መጻፍ አለበት፤ ቁጥር የሌለው ቅጠል ሥዕል ብቻ ነው። በአሜሪካ ደንብ ምልክቱን ለማተም ቢያንስ 95 በመቶው ኦርጋኒክ መሆን አለበት፤ «በኦርጋኒክ ግብዓት የተሠራ» ለማለት 70 በመቶ ይበቃል። «ናቹራል» የሚለው ቃል ግን ማንም የሚጽፈው ነው። ኦርጋኒክ ብስኩትም ብስኩት ነው፣ ስኳሩ ከኦርጋኒክ ሸንኮራ መጣ ብሎ ጥርስ አይምርም።

የሐረር ቡና ላይ ጥቂት። ጠጪው በስኒው ውስጥ የሚያገኘው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ፍሬው በገለፈቱ ውስጥ አድጎ፣ ተፈልፍሎ፣ ከ200 ዲግሪ ገደማ በላይ ይቆላል። እዚህ ምስክር ወረቀቱ የሚረዳው አፈሩንና ገበሬውን ነው። ባዶ መሬት ላይ ተሰጥቶ የሻገተ ቡና ከኦርጋኒክ ማሳም ቢመጣ ሻጋታው አብሮት አለ፤ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ የደረቀውን መምረጥ ይበልጣል። የቡና ቅጠሉን ቁጢ አፍልቶ ለሚጠጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቅጠል በቀጥታ የተረጨው ክፍል ነው፣ ውሃው ደግሞ ያለበትን ይወስዳል። ከቡናው ጎን ጫት ተተክሎ ከሆነ ደግሞ የጫቱ ርጭት በነፋስ ቡናው ላይ ያርፋል። ለፍሬው ግድ የማይሰጠኝን ጥያቄ ለቅጠሉ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ጥያቄውንም ማሳመር ይቻላል። «ኦርጋኒክ ነው?» ሲባል መልሱ አንድ ብቻ ነው፣ መሐላም ይከተለዋል። «እናቴ፣ ይሄ ቲማቲም የየት ነው? ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተረጨ?» ሲባል ግን ከገበሬው በቀጥታ የምታመጣዋና ከጫኝ የምትቀበለዋ ይለያሉ። የማታውቀዋ «እኔ ከመኪና ነው የማወርደው» ትላለች፤ ይህም መልስ ነው። ከቀርሳ ወይም ከሐረማያ የራሷን ማሳ ይዛ የምትመጣዋ አንዳንዴ «ሐሙስ» ትላለች። ቅዳሜ ገበያ ላይ «ሐሙስ» ብላ የመለሰችውን ሴት ቲማቲም ለሰላጣ አልገዛም። ለወጥ የሚሆነውን አጥቤ እወስዳለሁ፤ ለሰላጣው የሚቀጥለውን ለቀማ ከመርጨቷ በፊት እንድታስቀርልኝ አስቀድሜ እከፍላታለሁ፣ ጭማሪውንም ለእሷ።